የአያት ሥራ በቆጠራ መዝገብ ሲነበብ፤ የመርካቶ ምሳሌ

በሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ የሰፈረ የሥራ ስም ሰውየው በእርግጥ ይሠራው የነበረውን ሁሉ አይገልጽም። ለዚህ በአዲስ ከተማ የሚገኘው መርካቶ ጥሩ ማስረጃ ነው።

እንደሚታወቀው፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ዋናው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ተመሠረተ። በመርካቶ ሰው በሥራው የሚታወቀው በተራው ስም ነው፤ ሸማ ተራ፣ ጌሾ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ፣ እህል በረንዳ ይባላል። በምናለሽ ተራ ያረጀ ጎማ ቆርጦ ባራባሶ የሚሠራው ሰው የሠራውን ራሱ ይሸጣል። ታዲያ መዝጋቢው «ነጋዴ» ይበለው ወይስ «እጀ ሠሪ»? ከሁለቱ አንዱ ሲመረጥ ሁለተኛው ከመዝገቡ ይጠፋል።

በ1954 ዓ.ም. መባቻ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባካሄደው ቆጠራ የከተማው ሕዝብ 443,728 ነበር። በ1976 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ ደግሞ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። በመካከሉ የዓለም የሥራ ድርጅት በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሙያ አመዳደብ በ1968 እ.ኤ.አ. ተሻሽሏል። ስለዚህ የሁለት ዘመን ሠንጠረዦችን ምድባቸውን ሳይመረምሩ ማነጻጸር ያሳስታል። ሙያና የሥራ መስክም አንድ አይደሉም፤ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ዘበኛ በሙያው ጠባቂ፣ በመስኩ ግን ንግድ ውስጥ ነው።

ከዚህም ሌላ ክብር የሚነካ ጉዳይ አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውን ሠራተኛ በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም፤ በመሆኑም ሸክላ ሠሪዋ ወይም ቆዳ ፋቂው ለመዝጋቢው ሌላ ስም ሰጥተው ሊሆን ይችላል። ጥጥ ፈትላ፣ ጠላ ጠምቃ ልጆቿን ያሳደገች እናትም ባሏ ሲመልስላት «የቤት እመቤት» ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች።

የግለሰብ መልስ ምስጢር በመሆኑ የልጅ ልጅ የአያቱን ስም በታተመው ሠንጠረዥ አያገኝም፤ የሚያገኘው ድምር ነው። የባለሙያው ተግባር እንግዲህ ድምሩን ከንግድ ፈቃድ፣ ከተራው ስምና ከአዛውንቶች ቃል ጋር ማገናዘብ ነው። መዝገቡ ሊቆይ ይችላል፤ ተራውን የሚያስታውሱት አረጋውያን ግን አይጠብቁም። ስለሆነም ጥያቄው ሊቀድም የሚገባው ለእነርሱ ነው።