በአንድ መምህር ብቻ የተማረ ልጅ

ልጅን ለብቻው አስቀምጦ ማስተማር ከትምህርት ቤት ይልቅ የቈየ ልማድ ነው። በብዙ አገር ነገሥታትና መኳንንት ለልጆቻቸው መምህር ወደ ቤታቸው ያስመጡ ነበረ፤ ዛሬም በከተሞቻችን ዐቅም ያለው ቤተ ሰብ ለልጁ አስጠኚ ይቀጥራል። ይህ ዐይነቱ ትምህርት አንድን ልጅ የት ድረስ ሊያደርሰው እንደሚችል፥ ምንም ሊያጐድልበት እንደሚችል በግልጥ የሚያሳየን ጆን ስቱዋርት ሚል የተባለው የእንግሊዝ ፈላስፋ ታሪክ ነው። የልጅነቱን ነገር ራሱ ጽፎት በሞተበት ዓመት በ1873 ስለ ታተመ፥ ምስክሩ ተማሪው ራሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

አባቱ ጄምስ ሚል በ1773 በስኮትላንድ አገር ከአንድ ጫማ ሰፊ ተወለደ። ሰር ጆን ስቱዋርት የተባለ ባለጠጋ ረድቶት በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ በወጣትነቱም በሰው ቤት እየተቀጠረ ልጆች ያስተምር ነበረ። ኋላ ወደ ሎንዶን ሄዶ በብዕሩ ማደር ጀመረ። በ1806 የበኵር ልጁ ሲወለድ የረዳውን ሰው ስም አወጣለት። ሰውን ሰው የሚያደርገው አስተዳደጉና ትምህርቱ ነው ብሎ አጥብቆ ያምን ነበረና፥ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልክ ራሱ ሊያስተምረው ቈረጠ።

ትምህርቱ የተጀመረው ልጁ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። አባቱ የግሪክን ቃላት ከነፍቻቸው በትንንሽ ካርዶች ላይ እየጻፈ ይሰጠው ነበረ። ቀጥሎ የኤሶጵን ተረቶች አነበበ፤ ስምንት ዓመት እስኪሆነው ድረስም የሄሮዶቱስን ታሪክ በሙሉ በግሪክ ቋንቋ ተወጣው። ማታ ማታ ሒሳብ ይማር ነበረ፤ ይህን ግን አይወደውም ነበረ። በስምንት ዓመቱ ላቲን ጀመረ፤ ከዚያም ጂኦሜትሪና አልጄብራ ተከተሉ። በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሎጂክን፥ ማለት የአስተሳሰብን ሥርዐት የሚመረምረውን ትምህርት፥ በዐሥራ ሦስት ዓመቱም የአገር ሀብት እንዴት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያስረዳውን ትምህርት ያዘ።

ይህን ሁሉ ያስተማረው አንድ ሰው ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ጄምስ ሚል ግን የሃምሳውን ሸክም ብቻውን ተሸከመ። በዚያን ጊዜ ትልቁን የሕንድ ታሪክ መጽሐፉን ይጽፍ ነበረ፤ ልጁም ከዚያው ጠረጴዛ ተቀምጦ ግሪኩን ያጠናል። የግሪክን ቃል በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ገና አልነበረምና፥ በላቲን የሚፈታውንም ልጁ ማንበብ አይችልምና፥ ያላወቀውን ቃል ሁሉ አባቱን መጠየቅ ነበረበት። አባትዬው በጠባዩ ትዕግሥት የሌለው ሰው ነበረ። ሆኖም ዐረፍተ ነገሩ በየጊዜው እየተቋረጠበት ለልጁ ቃል ይፈታ ነበረ፤ መጽሐፉንም በዚሁ መካከል ጻፈ። እንግዲህ አባት ለልጁ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ጊዜው መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ዘዴውም የሚደነቅ ነበረ። ጧት ከቍርስ በፊት ሁለቱ ወደ ሆርንሲ በሚወስደው ለምለም መንገድ ይሄዱ ነበረ፤ ልጁም ትናንት ያነበበውን ታሪክ በወረቀት ቍራጭ ከያዘው ማስታወሻ እያየ ይተርካል። ከፍ ካለ በኋላም አባትዬው ስለ ሀብት ትምህርት በመንገድ ላይ ያስረዳዋል፤ ልጁ በማግሥቱ ጽፎ ያመጣል፤ ግልጥና የተሟላ እስኪሆን ድረስ ደጋግሞ ያስጽፈዋል። አስቦ ሊደርስበት የሚችለውን ነገርም ልጁ ራሱ ደክሞ ሳይፈልግ ቀድሞ አይነግረውም ነበረ። ብዙ አስጠኚዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው፤ መልሱን በመንገር ልጁን የረዱት ይመስላቸዋል፥ እርሱ ግን ማሰብን ሳይለምድ ይቀራል።

ላቲን በጀመረ ጊዜ ደግሞ ታናሽ እኅቱን እንዲያስተምር ታዘዘ። ይህ በአገራችን በየኔታ ዘንድ ትልቁ ተማሪ ታናሹን ፊደል እንደሚያስቈጥረው ያለ ነው። ሚል ስለዚህ ሲመሰክር፥ ማስተማሩ የተማረውን በልቡ እንዳጸናለት ያምናል፤ እኅቱ ስትሳሳት ተጠያቂው እርሱ መሆኑን ግን አልወደደውም።

ልጁ በዐሥራ አራት ዓመቱ ወደ ፈረንሳይ አገር ሊሄድ ሲል አባቱ ሃይድ ፓርክ በተባለው የሎንዶን መናፈሻ ይዞት እየሄደ እንዲህ ሲል መከረው፦ ሌሎች ወጣቶች የማያውቁትን ብዙ ነገር እንደምታውቅ ትረዳለህ፤ ነገር ግን ይህ የሚያስተምርህና ጊዜውን የሚሰጥህ አባት ስላገኘህ ነው እንጂ ያንተ ብልጫ አይደለም አለው። ልጁም ይህን አልረሳም። ዐዋቂ ከሆነ በኋላ እንኳ፥ በተፈጥሮ ስጦታው ከመካከለኛ ሰው በታች እንጂ በላይ እንዳልሆነ፥ እርሱ የቻለውንም ደኅና አእምሮና ጤና ያለው ልጅ ሁሉ ሊችለው እንደሚችል ጽፏል።

ነገር ግን ሥራውን ሁሉ አንድ መምህር ሲሠራው፥ መምህሩ የሌለውን ነገር ለልጁ የሚሰጥ ሌላ ሰው አይገኝም። ጄምስ ሚል ልጁ ከሌሎች ልጆች ጋራ እንዳይውል ይከለክል ነበረ። የሥራ ልማድ እንዳይቋረጥም የዕረፍት ቀን አይሰጠውም ነበረ። ከሁሉ የሚብሰው ግን ርኅራኄውን መግለጥ ያፍር ነበረ፤ ልጁም አባቱን በታማኝነት ቢያከብረውም ይፈራው ነበረ።

ዕዳው በ1826 መጣ። ሚል ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ ከአባቱ ጋራ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ይሠራ ነበረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዐላማው ዓለምን ማሻሻል ነበረ። አንድ ቀን፥ የምትመኘው መሻሻል ሁሉ አሁን ቢፈጸም ደስ ይልሃልን? ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ ልቡም፥ አይለኝም ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት በከባድ ሐዘን ተቀመጠ። ኀዘኑን ለአባቱ መንገር አልቻለም፤ ያስተማረው አባቱ ነውና፥ ትምህርቱ ሳይሳካ መቅረቱን ነግሮ ሊያሳዝነው አልወደደም። የሚነግረውም ሌላ ሰው አልነበረውም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ማርሞንቴል የተባለው ፈረንሳዊ ስለ አባቱ ሞት የጻፈውን ሲያነብ እንባው መጣ፤ ልቡም ድንጋይ እንዳልሆነ ዐወቀ። በ1828 የዎርድስዎርዝን ግጥሞች አገኘ፤ በእነርሱም የተፈጥሮን ውበትና የልብን ደስታ ተማረ። አባቱ ያላስተማረውን ይህን ትምህርት ራሱ ፈልጎ አገኘው። ኋላም ስለ ነጻነትና ስለ ሴቶች መብት የጻፋቸው መጻሕፍት በዓለም የታወቁ ሆኑ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሚል ስለ ጐደለው ነገር አባቱን አልከሰሰም። ትምህርቱ ከእኩዮቹ የሃያ አምስት ዓመት ቅድሚያ እንደ ሰጠው እያመሰገነ መሰከረ፤ የጐደለውንም ሳይደብቅ ተናገረ። አንተም የሚያስጠናህ ሰው ካለህ፥ ለአንተ ብሎ ያቋረጠውን ሥራ አስብለት። ታናሽ ወንድምህን ወይም እኅትህን የምታስተምር ከሆነም፥ ቃሉን ፈትተህ ስትሰጥ ፊትህን አታጥቍርበት። ልጁ ከመምህሩ የሚወስደው ቃሉን ብቻ አይደለም፤ ፊቱንም ይወስዳል።