የወጣቶች የድንኳን ሰፈር ታሪክና ጥቅሙ

ትምህርት በሁለት ዓይነት ቦታ ይገኛል። አንደኛው በአራት ግድግዳ መካከል ከመምህርና ከመጽሐፍ የሚቀሰመው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከቤት ወጥቶ ውሃ እየቀዱ፣ እንጨት እየለቀሙ፣ ከባልንጀራ ጋር ከአንድ ድስት እየበሉ የሚገኘው ነው። ስለ መጀመሪያው ትምህርት በዚህ የበዓል መጽሔት ብዙ ጓደኞቻችን ስለሚጽፉ፣ እኛ ስለ ሁለተኛው፣ ይኸውም በውጭ አገር «የበጋ ካምፕ» ስለሚባለው የሕፃናትና የወጣቶች የድንኳን ኑሮ ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ልጅ ከቤቱ ወጥቶ በመስክ መዋሉና በጎጆ ማደሩ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እረኛ ልጅ ከብቱን እየጠበቀ ቀኑን ሙሉ በሜዳ ይውላል፤ ዝናቡንም በገሳው ይከላከላል። የቆሎ ተማሪም ገና በልጅነቱ ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከደብር ወደ ደብር ይሄዳል፤ ለምኖ ያገኘውን ቁራሽ ከባልንጀሮቹ ጋር ተካፍሎ ይበላል። ነገር ግን እረኛውን ከቤት የሚያወጣው የቤተሰቡ ሥራ ነው፤ የቆሎ ተማሪውንም የሚያወጣው የትምህርት ፍቅር ነው። ስለ ካምፕ የሚያስደንቀን ግን ይህ ነው፦ ቤትና ምግብ ያልጎደለውን ልጅ ታላላቆቹ ሆን ብለው ለጥቂት ሳምንት ከምቾቱ ያወጡታል። ለምን እንዲህ አደረጉ?

በአሜሪካ የዚህ ሥራ ጀማሪ ተብለው የሚጠሩት ፍሬድሪክ ዊልያም ገን የተባሉ መምህር ናቸው። ሚስተር ገን በኮኔቲከት ክፍለ ሀገር ዋሽንግተን በምትባል መንደር ትምህርት ቤት ነበራቸው። በ1861 ዓ.ም. የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር፣ ተማሪዎቻቸው እንደ ወታደሮች መሰለፍና በድንኳን ማደር እጅግ ተመኙ። ሚስተር ገን የባሪያ ንግድንና ባርነትን አጥብቀው የሚቃወሙ ሰው ነበሩ፤ የልጆቹንም ምኞት አልናቁባቸውም። በዚያው ዓመት በበጋ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ተማሪዎቹን 64 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መርተው ወደ ባሕር ዳር ወሰዷቸው። በዚያም ድንኳን ተክለው ሁለት ሳምንት ያህል በጀልባ እየቀዘፉና ዓሣ እያጠመዱ ሰነበቱ። ስለዚህ የመጀመሪያው የልጆች ካምፕ የጦር ሰፈርን መልክ ይዞ ተወለደ፤ ፍሬው ግን ጦርነት አልነበረም። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስብልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በአውሮፓ ግን ምክንያቱ ሌላ ነበር። በዚያ ዘመን ፋብሪካ በመስፋፋቱ ብዙ ሕዝብ ወደ ከተማ ጎርፎ፣ የድኻ ልጆች በጠባብና በጨለማ ቤት ታጉረው ይኖሩ ነበር። ቫልተር ቢዮን የተባሉ የስዊስ ቄስ ይህን አይተው ስላዘኑ፣ በ1876 ዓ.ም. 68 የዙሪክ ከተማ ልጆች አሰባስበው ወደ አፔንሰል ተራራማ አገር ወሰዷቸው። ዓላማቸው ልጆቹ ንጹሕ አየር እንዲተነፍሱና ጠግበው እንዲበሉ ነበር። ይህም ሥራ ቶሎ ወደ ሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ተስፋፋ።

የድኻ ልጅ ጉዳት ከችግር እንደመጣ ሁሉ፣ የባለጸጋ ልጅ ጉዳት ከምቾት ይመጣል። ይህን ያስተዋለው ኧርነስት ባልች የተባለ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪ ነው። የሀብታም ልጆች የበጋውን ዕረፍት በሆቴል ተቀምጠው በሥራ ፈትነት ሲያሳልፉ ስላየ፣ በ1881 ዓ.ም. በኒው ሃምፕሺር በሚገኘው በስኳም ሐይቅ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ካምፕ አቋቋመ። ሕጉም አገልጋይ አይኖርም የሚል ነበር። ምግቡን የሚያበስሉ፣ ሳሕኑን የሚያጥቡ፣ ጀልባውን የሚጠግኑ ራሳቸው ልጆቹ ነበሩ። ካምፑ በገንዘብ ችግር ምክንያት በ1889 ዓ.ም. ቢዘጋም፣ ሐሳቡ ግን አልተዘጋም። በ1885 ዓ.ም. የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ሠራተኛ የነበሩት ሰምነር ደድሊ 7 ልጆች ብቻ ይዘው በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ከአንድ ሐይቅ አጠገብ ሰፈሩ። በስማቸው የሚጠራው ካምፕ እስከ ዛሬ ድረስ አለ።

ከሁሉ ይልቅ ስሙ በዓለም የታወቀው ግን በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት የተደረገው ነው። ጄኔራል ባደን ፓወል በ1907 ዓ.ም. ከኦገስት 1 እስከ 8 ቀን ሃያ ያህል ልጆች በዚያ ሰበሰቡ። እኩሌቶቹ ኢተንና ሃሮው ከሚባሉት ከታላላቅ ትምህርት ቤቶች የመጡ የመኳንንትና የባለጸጎች ልጆች ነበሩ፤ የቀሩት ከፑልና ከቦርንማውዝ ከተሞች የመጡ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። መዋጮውም እንደ አቅማቸው ነበር፤ ባለጸጎቹ አንድ ፓውንድ፣ ሌሎቹ ሦስት ሽልንግ ከስድስት ፔንስ ከፈሉ። ከዚያም በአራት ጭፍራ ተከፍለው የተኩላ፣ የቁራ፣ የኮርማና ከርሊው የምትባል የውሃ ዳር ወፍ ስም ወሰዱ። ቀን ዱካ መከተልን፣ ገመድ ማሰርን፣ ቁስለኛ መርዳትን ሲማሩ ይውላሉ፤ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ተረትና ታሪክ ይሰማሉ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የሎርድና የሠራተኛ ልጅ አብረው ማደራቸው እንግዳ ነገር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የጄኔራሉ መጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ የስካውት ማኅበር በየአገሩ ተቋቋመ። በ1909 ዓ.ም. በለንደን በተደረገው የስካውቶች ሰልፍ ደግሞ ልጃገረዶች ሳይጠሩ መጥተው «እኛስ?» ስላሉ፣ በ1910 ዓ.ም. የእነርሱ ማኅበር ተመሠረተ።

እኛ አፍሪካውያን ግን ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር ልናልፍ አንችልም። በብራውንሲ ማለዳ ልጆቹን ይቀሰቅስ የነበረው የአጋዘን ቀንድ መለከት ነው። ጄኔራሉ ይህን ቀንድ ያገኙት በ1896 ዓ.ም.፣ ዛሬ ዚምባብዌ በሚባለው አገር፣ በንደበሌ ሕዝብ ላይ በተደረገው ጦርነት ነው። አባቶቻችን በዐድዋ ድል ባደረጉበት በዚያው ዓመት የንደበሌ ሰዎች ተሸንፈው መለከታቸውን እንኳ ተነጠቁ። እንግዲህ የወንድማማችነት ትምህርት የተሰጠበት ሰፈር በተማረከ ቀንድ እየነቃ እንደነበረ ማወቅ ይገባናል። ይህን ማወቃችን ግን ትምህርቱን እንድንጠላ አያደርገንም።

የካምፕ ነገር ምን ያህል ለክፉም ለደግም ሊውል እንደሚችል ከሁሉ አብልጦ የሚያስረዳው የኢጣልያ ታሪክ ነው። የሙሶሊኒ መንግሥት በ1926 ዓ.ም. ባሊላ የተባለ የልጆች ማኅበር አቋቋመ። እነዚህም ልጆች ድንኳን ነበራቸው፤ መዝሙርና ሰንደቅ ዓላማ ነበራቸው። ነገር ግን በእጃቸው በልካቸው የተሠራ ጠመንጃ ተሰጣቸው፤ የሚማሩትም ሳይጠይቁ መታዘዝን ነበር። በ1930 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ የነበረ፣ ኢትዮጵያ በተወረረችበት በ1935 ዓ.ም. የ20 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ለዘመቻ ደርሶ ነበር። በዚያ ሰፈር የተዘራው ዘር በቅድመ አያቶቻችን ላይ ታጨደ።

ይኸው መንግሥት በ1928 ዓ.ም. የስካውት ማኅበሮችን ዘጋ። በዚህን ጊዜ በሚላኖና በሞንዛ የነበሩ ጥቂት ወጣቶች ትእዛዙን ለመቀበል እንቢ አሉ። ራሳቸውን «ባዛኝ ንስሮች» ብለው ሰይመው፣ 17 ዓመት ሙሉ በስውር በኮዴራ ሸለቆ ድንኳናቸውን ይተክሉ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ሰሜን ኢጣልያን በያዘ ጊዜ፣ እነዚህ ወጣቶች ከቀሳውስት ጋር ሆነው አይሁድንና ሌሎች ስደተኞችን በተራራ መንገድ እየመሩ ወደ ስዊስ አሻገሩ። በዚህ ሥራ ከ2000 በላይ ሰዎች ዳኑ። በካምፕ የተማሩት በሌሊት መንገድ ማግኘት፣ ምሥጢር መጠበቅና የደከመን መደገፍ የሰው ነፍስ አዳነ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ሁለቱም የኢጣልያ ወጣቶች በድንኳን አደሩ፤ ሁለቱም እሳት ከበው ዘመሩ። አንዱ ግን ገዳይነትን፣ ሌላው አዳኝነትን ተማረ። ስለዚህ ድንኳኑ ብቻውን አያስተምርም። የሚያስተምረው ልጁ በዚያ የሚሰጠው ሥራና ከጎኑ የሚያድረው ባልንጀራ ነው፤ እንዲሁም ልቡናው ለመጠየቅ ነፃ መሆኑ ነው።

ይህ ነገር ለእኛም ይጠቅማል። በአገራችንም በቀድሞ ዘመን በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ስካውቶች ነበሩ። ዛሬ የከተማ ልጅ እየበዛ ሄዶአል፤ ብዙዎቻችን እሳት ማንደድ አናውቅም፤ የዛፎቻችንንም ስም ከመጽሐፍ እንፈልጋለን። የገጠሩ ልጅ ይህን ሁሉ ሲያውቅ፣ እኛ ግን አላዋቂ አድርገን እንቆጥረዋለን። ሁለቱ አንድ ሳምንት አብረው ቢሰፍሩ መምህሩ ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ማታ፣ ጉልቻው ሲጎለት ይታወቅ ነበር። በርግጥ የፈረንጆቹን ወራት እንዳሉ መቅዳት አይቻልም። በሐምሌና በነሐሴ በእነርሱ ዘንድ ፀሐይ ስትሆን በእኛ ዘንድ ዝናብና ጭቃ ነው። ለእኛ የሚስማማው ምድሩ የጠነከረበት፣ ሰማዩም የጠራበት የጥር ዕረፍት ነው።

ብዙ ገንዘብም አያስፈልግም። ሚስተር ደድሊ የጀመሩት በ7 ልጆች ነበር። ትምህርት ቤታችን በሚቀጥሉት ዓመታት ከአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ጋር ተስማምቶ፣ ጥቂት ድንኳንና ጥቂት ድስት ይዞ ቢጀምር፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ታናናሾቻችን እኛ ያላገኘነውን ያገኛሉ። ስለዚህ ይህን ሐሳብ በትሕትና ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን እናቀርባለን።