ሉቻኖ ቫሳሎ፦ የረሳነው አምበል

የአፍሪካ ዋንጫ በመጣ ቁጥር «እኛም አንድ ጊዜ በልተነዋል!» እንላለን። መንግሥቱ ወርቁን እንጠራለን፣ ይድነቃቸው ተሰማን እንጠራለን። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው አምበል ማን ነበር ሲባል ግን ብዙዎቻችን ዝም ነው።

ሉቻኖ ቫሳሎ ይባላል። በ1927 ዓ.ም. አስመራ ተወለደ፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር። ሁለት ወር ሳይሞላው የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ የፋሺስቱ መንግሥት ጣሊያናውያን ከጥቁር ሴት የወለዱትን ልጅ «የኔ ነው» እንዳይሉ በሕግ ከለከለ። ሉቻኖ በእናቱ እጅ አደገ። ያኔ ክልስ መሆን ማለት ከነጩም ከጥቁሩም ሳይሆኑ መሀል ላይ መቅረት ነበር። እንጀራው መካኒክነት፣ ፍቅሩ ኳስ ነበር፤ ከአስመራ ክለቦች ተነስቶ ድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ደረሰ።

ከዚያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. መጣ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 የረታው ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ለፍጻሜ ከግብፅ ጋር ገጠመ። ግብፆች ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰዱ ናቸው። በዳዊ አገባብን፣ ግርማ ተክሌ መለሰ፤ ወዲያው በዳዊ ደገመ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር ሉቻኖ 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። አለቀ!

እስቲ አስቡት፦ ጣሊያን ወርሮ ለስደት የዳረጋቸው ንጉሥ፣ የአገራቸውን ዋንጫ ለጣሊያን ወታደር ልጅ ሲያስረክቡ!

እ.ኤ.አ. በ1968ም ቡድናችን እዚሁ አገሩ ላይ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሶ፣ በጭማሪ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ደረጃ ደርሰን አናውቅም።

ሉቻኖ ኳስ ካቆመ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን አሠልጥኗል። ደርግ መጣ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1978 አገሩን ጥሎ ጣሊያን ገባ። የአፍሪካ ሻምፒዮኑ አምበል ሮም አጠገብ ኦስቲያ ውስጥ እንደገና መካኒክ ሆነ፤ የሰፈር ልጆችንም ኳስ አስተማረ። የሕይወት ታሪኩን በጣሊያንኛ ሲጽፍ ርዕሱን «እማማ፣ ገንዘቡ ይኸው» አለው። መስከረም 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ እዚያው ጣሊያን አረፈ።

ለምን ረሳነው? እኛ እንደሚመስለን፣ የማን እንደሆነ መወሰን ስላቃተን ነው። በትውልዱ አስመሬ ነው፣ በማሊያው ኢትዮጵያዊ፣ በስሙ ጣሊያን። አስመራና አዲስ አበባ ተዋግተዋል፣ ድንበር ተካፍለዋል፤ የጋራ ጀግና ለማንም የማይመችበት ዘመን መጣ። ዋንጫውን «የኛ» ካልን ግን ያነሳውን ሰው ትተን አይሆንም። ያ ቡድን የአስመራም፣ የድሬም፣ የአዲስ አበባም ልጆች ቡድን ነበር። ያቺን አንዲት ዋንጫ ያመጡልን እነሱ ናቸው።