መሠረት የሚባለው ዓመት ከየት መጣ?

እህቶቼ፣ እሁድ እሁድ ተገናኝተን ስለ ትምህርት ስናወራ የሚነሳው ያው ነርስነት፣ ሒሳብ ሥራ፣ ፀጉር ሥራና ልብስ ስፌት ነው። ዛሬ እኔ ብዙም ስለማይነሳ ትምህርት ልጽፍላችሁ ነው፤ ፕሮዳክት ዲዛይን ስለሚባለው። ነገሩ ከባድ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በእጃችን የምንይዘው ዕቃ ሁሉ፣ ካውያው፣ የመወልወያው እንጨት፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው፣ የሕፃኑ ወንበር፣ ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው አስቦበታል። እጀታው የት ይሁን? ክብደቱ ስንት ይሁን? ሲሞቅ በምን ይያዛል? ይሄን ማሰብ ሙያ ነው፤ በዩኒቨርሲቲም ይሰጣል።

ስለዚህ ትምህርት ስታነቡ አንድ ቃል ደጋግሞ ይመጣባችኋል፤ ፋውንዴሽን ዓመት የሚል። በእኛ ቋንቋ የመሠረት ዓመት ልንለው እንችላለን። እንግሊዝ አገር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለመግቢያ የሚጠየቀውን ላላሟላ ሰው መጀመሪያ አንድ ዓመት ያስተምሩትና ከዚያ የሦስት ዓመቱን ዲግሪ ያስጀምሩታል። እኛ አገርም በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን የሚባለው የጋራ ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተመልሷል፤ ዓላማው ባይመሳሰልም ዲግሪ ከመጀመሩ በፊት መሠረት ይጣል የሚለው ሐሳብ ይገናኛል። እኔ ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ይሄ ዓመት ከየት እንደመጣ ማወቅ ፈለግኩ። ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ እያነበብኩ ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ።

በንድፍ ትምህርት ታሪኩ የሚወስደን ጀርመን ነው። በፈረንጆቹ 1919፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከወራት በኋላ፣ ዋልተር ግሮፒየስ የሚባል አርክቴክት ቫይማር በምትባል ከተማ ባውሃውስ የሚባል ትምህርት ቤት ከፈተ። ሐሳቡ ሠዓሊውንና እጀ ሥራ ዐዋቂውን አንድ ቤት ማስገባት ነበር። ወንበር የሚሠራው፣ ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የሚሠራው ከሠዓሊ ጋር አብሮ ይማር አለ።

ግን አንድ ችግር ነበር። የሚመጡት ተማሪዎች አንድ ዓይነት አልነበሩም። አንዱ ሥነ ጥበብ ተምሯል፣ አንዱ ከጦርነት ተመልሷል፣ አንዱ መምህር ነበር። ታዲያ ዮሐንስ ኢተን የሚባል የስዊዘርላንድ ሰው መፍትሔ አመጣ። ማንም ሰው ወደ አውደ ጥናቱ ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያ ኮርስ ይውሰድ አለ። ኢተን ራሱ መጀመሪያ የሕፃናት መምህር ነበር፤ ትምህርቱንም ሰውነትን በማንቀሳቀስና በመተንፈስ ይጀምር ነበር። ከዚያ እንጨት፣ ሱፍ፣ ብርጭቆ፣ ቆርቆሮ ያቀርብላቸዋል። ሻካራውንና ልስልሱን፣ ከባዱንና ቀላሉን በእጃችሁ ለዩ፣ ከዚያ ሳሉት ይላቸዋል። አያችሁ፣ ከዚህ በፊት የተማርከው ምንም ይሁን፣ እዚህ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል ማለት ነው።

ኢተን በ1923 ሲለቅ ትምህርቱን ላስሎ ሞሆይ-ናጅና ዮሴፍ አልበርስ ያዙት፤ ኮርሱም ወደ አንድ ዓመት አደገ። እኔን የገረመኝ የአልበርስ ነገር ነው። ባውሃውስ በተማሪነት ሲገባ 32 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። ቀለም መግዣ ገንዘብ ስላጠረው ከከተማው ቆሻሻ መጣያ ስባሪ ጠርሙስ እየለቀመ የመስታወት ሥዕል ሠራ። መምህር ሲሆንም ተማሪዎቹን ያስተማረው በርካሽ ነገር ነው። ወረቀት ይሰጣቸውና ምንም ሳይባክን አጥፋችሁና ቆርጣችሁ የሚቆም ነገር ሥሩ ይላቸዋል። አንዲት ቅጠል ወረቀት እንዴት እንደምትታጠፍ ያወቀ ሰው፣ ቆርቆሮም እንዴት እንደሚታጠፍ ይገባዋል።

እስካሁን የነገርኳችሁ ደስ የሚል ነው። አሁን ደግሞ የማያስደስተውን ልንገራችሁ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሴትና ወንድ እኩል ነው ተብሎ ነበር። በመጀመሪያው መንፈቅ የተመዘገቡት 84 ሴቶችና 79 ወንዶች ነበሩ። ይሄን ጊዜ ኃላፊዎቹ ደነገጡ። ሴት ከበዛች የትምህርት ቤቱ ስም ይቀላል ብለው ፈሩ። በሩን ዘግተው አላባረሯቸውም፤ የመጀመሪያውን ኮርስ ሲጨርሱ ግን አብዛኞቹን ወደ ሽመና ክፍል መሯቸው። ክርና ጨርቅ ለሴት ተፈጥሮዋ ነው፣ ብረትና ሕንፃ ግን የወንድ ነው አሉ።

እዚህ ላይ እኔ ሳቄ መጣ። በእኛ አገር በብዙ ቦታ ሽመና የማን ሥራ ነው? የወንድ ነው! ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ሽሮ ሜዳ ብትሄዱ መወርወሪያውን የያዘው ማን እንደሆነ ታያላችሁ። አንዱ አገር የሴት ተፈጥሮ ነው ያለውን ሌላው አገር የወንድ ነው ይላል። ስለዚህ "ተፈጥሮሽ ነው" የሚሉን ነገር ብዙውን ጊዜ ሰው የደለደለው ሥራ ነው። ቤት ሥራም እንደዚያው ነው።

ወደ ሽመና የተመሩት ሴቶች ግን አልቀሰቀሱም፣ አልተበተኑምም፤ ሠሩ። ጉንታ ሽቶልዝል የምትባለው በ1919 ተማሪ ሆና ገብታ፣ በ1927 የሽመና ክፍሉ ኃላፊ ሆነች። ያ ክፍል ከትምህርት ቤቱ ውስጥ ሥራቸው ገበያ ካገኘላቸው ክፍሎች አንዱ ሆነ። ማሪያነ ብራንት ደግሞ ሽመናውን ትታ ብረት ክፍል ገባች። ወንዶቹ መጀመሪያ አሰልቺ ሥራ እየሰጡ ሊያስመርሯት ሞከሩ፤ ትናንሽ ጎድጓዳ ብረት እየቀጠቀጠች እንድትውል አደረጓት። እሷ ግን ቆየች። በ1924 የሠራቻት ትንሽ የሻይ ማንቆርቆሪያ ዛሬ በሙዚየም ትታያለች፤ በ1928 ደግሞ የብረት ክፍሉን በተጠባባቂነት መራች።

የባውሃውስ ተማሪ ያልነበረች፣ ግን ለእኛ ከሁሉም የምትቀርብ አንዲት ሴት አለች። ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ ትባላለች፤ የቪየና አርክቴክት ናት። በ1926 ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ መኖሪያ ቤቶች ኩሽና ነደፈች። ወርዱ ወደ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 3.4 ሜትር ነበር። አንዲት ሴት ምግብ ስትሠራ ስንት እርምጃ እንደምትራመድ በሰዓት እየተለካ የተነደፈ ነው። የባቡር ምግብ ቤት ኩሽናንም አይታ ተምራበታለች። ከግድግዳ ተዘርግቶ የሚታጠፍ የካውያ ጠረጴዛ፣ ሳህን የሚንጠባጠብበት መደርደሪያ፣ ፍርፋሪ የሚጠረግበት መሳቢያ፣ ለሩዝና ለስኳር አፍ ያላቸው ሣጥኖች ሁሉ ነበሩት። ወደ 10,000 የሚሆኑ ተሠርተዋል። ዛሬ የምንቆምበት በአንድ መስመር የተገጠመ ኩሽና የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሹተ-ሊሆትስኪ ያንን ኩሽና ስትነድፍ ምግብ አብስላ የማታውቅ ሴት እንደነበረች ራሷ ተናግራለች። ሁለተኛ፣ ኩሽናው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የተለካው። ሠራተኛ ለሌላት የቤት እመቤት ነው የታሰበው። ከገቡበት ሴቶች ብዙዎቹ ጠበበን፣ ሁለት ሰው አይቆምበትም፣ ልጅ እየጠበቁ መሥራት አይቻልም ብለዋል። ሴትዮዋን ለመውቀስ አይደለም፤ ለድካማችን ያሰበች ሰው ናት። ግን ቆማ የምትውለዋ ብትጠየቅ ኖሮ አንዳንዱ ነገር ቀድሞ ይታወቅ ነበር።

የእኛ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የመወልወያው እንጨት አጭር ሲሆን ወገቡ የሚታመመው ማን ነው? የካውያው ውሃ መጨመሪያ ሲጠብ እጇ የሚቃጠለው ማን ናት? ይሄን ቢሮ ተቀምጦ የሚነድፈው ሰው አያውቀውም፤ እኛ እናውቀዋለን። በየቀኑ አሥራ አራት ሰዓት ዕቃ መያዝ እኮ እውቀት ነው። ችግሩ ይሄን እውቀት የሚያይ ወረቀት የለንም።

ባውሃውስ ራሱ ብዙ አልቆየም። ከቫይማር ወደ ዴሳው፣ ከዴሳው ወደ በርሊን ተሰደደና በ1933 ናዚዎች ሲመጡ ተዘጋ። መምህሮቹ ግን ትምህርቱን ይዘው ተሰደዱ። አልበርስ በዚያው ዓመት አሜሪካ ገባ፤ ሞሆይ-ናጅ በ1937 ቺካጎ ላይ አዲስ ትምህርት ቤት ከፈተ። በእንግሊዝ ደግሞ ቪክቶር ፓስሞርና ሪቻርድ ሃሚልተን የመሰሉ መምህራን ከዚህ ሐሳብ ወስደው ማስተማር ጀመሩ፤ በ1960ዎቹ የአንድ ዓመት መሠረት በአገሪቱ የሥነ ጥበብና የንድፍ ትምህርት ደንብ ሆነ። ስደተኛ የተሸከመው ትምህርት ነው ብል ውሸት አይሆንም።

በአገራችንም አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ገብረ ክርስቶስ ደስታም ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ በዚሁ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት አስተምሯል። ዛሬ ትምህርት ቤቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ በአለ ስም ይጠራል፣ በስሙም ውስጥ ዲዛይን የሚለው ቃል ገብቷል።

ይሄን የጻፍኩት ነገ ሁላችንም ዩኒቨርሲቲ እንገባለን ብዬ አይደለም። የውጭ አገር ክፍያ ውድ ነው፣ ኮንትራታችን ጊዜ አይሰጠንም፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆመች ልጅ መጀመሪያ ያንን መጨረስ አለባት። ግን እንደዚህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ከውጤት ወረቀት ሌላ ፖርትፎሊዮ ይጠይቃሉ፤ የሠራሽውንና ያሰብሽውን የሚያሳይ ስብስብ ማለት ነው። እሱን ለመጀመር የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። አንድ ደብተር ያዢ። ዛሬ ያስቸገረሽን ዕቃ ሳዪው፤ ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም። ምኑ ጋ እንደሚከብድ፣ ምኑ ጋ እንደሚያዳልጥ ጻፊ። ከጎኑ አንቺ ብትሠሪው እንዴት እንደምታደርጊው ሳዪ። ያረጀ ካርቶን ቆርጠሽ ሞክሪው።

እኔ ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው፤ እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ዕቃ ስያለሁ። የእናንተንም ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል፤ በተለይ የካውያውን ነገር ያሻሻለች ካለች።