ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ

እስቲ ወደ እሳቱ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ እዚህ አምባራስ መንደራችን ላይ ፀሐይ ከጠለቀች ብርዱ ምሕረት የለውም፤ የማወጋችሁም ረዘም ይላልና አትቸኩሉብኝ።

አባቶቻችን ሲያወጉን፣ በዚህ በእኛ ደጋ ድሮ ሁለት ሰዎች የተጣሉ እንደሆነ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ይላል፤ ሌላውም ካለበት ይቆማል። ከዚያም የከሳሽን የነጠላ ጫፍ ከተከሳሽ የነጠላ ጫፍ ጋር ይቋጥሩና ሁለቱ ባላጋራዎች ጎን ለጎን መንገድ ይጀምራሉ፤ ዳገቱን አብረው ይወጣሉ፣ ወንዙን አብረው ይሻገራሉ፣ አንዱ ውሃ ሊጠጣ ሲያጎነብስ ቋጠሮው ይስበውና ሌላውም ያጎነብሳል። ከዚያም ከዛፍ ጥላ ሥር ያረፈ መንገደኛ ያገኙ እንደሆነ «ዳኘን» ይሉታል። ያን ጊዜ ነው ሙግት! «በላ ልበልሃ!» እያለ፣ ዱላውን እየወዘወዘ፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረደ አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። አህያ የሚነዳው ጭነቱን አራግፎ፣ ውሃ የቀዳችውም እንስራዋን አውርዳ ይሰማሉ። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ ሙግቱን የሚያስከብረው ዳኛው ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን የቆመው ሰሚም ነበር። ድሃና ባለጸጋ ሲቋጠሩ ነጠላው እኩል ይሳባል አልልም። ቢሆንም ሰው ቃሉን ሳይጨርስ አፉን አይያዝም ነበር።

አሁን ደግሞ ቃላቸውን ሳይጨርሱ አፋቸው የተያዘ ወጣቶችን ነገር ላውጋችሁና ከእኔ ጋር ወደ ደባርቅ ውረዱ፤ ከዚያም ዳባትን አልፈን ጎንደር እንግባ፣ ከዚያም ባሕር ዳርን፣ ከዚያም የዓባይን በረሃ ቁልቁል ወርደን ሽቅብ እንውጣና አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ ከፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደጅ እንድረስ።

ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ዘጠኝ ወጣቶች ተያዙ፤ ስድስቱ ጦማሪያን፣ ሦስቱ ጋዜጠኞች። ጦማሪያኑ ራሳቸውን «ዞን ዘጠኝ» ይሉ ነበር። የቃሊቲ ወህኒ ያኔ ስምንት ዞን ነበረው፤ ዘጠነኛው ከግንቡ ውጭ ያለው አገር ነው ማለታቸው ነበር። መፈክራቸውም «ስለሚያገባን እንጦምራለን» የሚል ነው። ከዚያም ማዕከላዊ ከሚባለው የፖሊስ ምርመራ እስር ቤት ገቡ፤ ከዚያም ወንዶቹ ቂሊንጦ ወህኒ፣ ሴቶቹ ቃሊቲ ወረዱ፤ ከዚያም በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ክስ መጣባቸው። ማስረጃ ተብለው ከቀረቡት መካከል የገዛ ጽሑፋቸው ነበረ፤ የኮምፒውተር መልእክትን ከሰው ዓይን እንዴት እንደሚጠብቁ የወሰዱት ሥልጠናም ነበረ። ሰው ደብዳቤውን አሽጎ ቢልክ ይህ ሽብር ይባላል? የአገሪቱ ሕገ መንግሥት እኮ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት ጽፎላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላማ ቀጠሮ ነው። ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቤተሰብ ይመጣል፤ እንደገና ቀጠሮ ይሰጣል፣ ቤተሰብ ይመለሳል። እናት ምሳ ዕቃ ይዛ በክረምቱ ጭቃ ወህኒ ደጅ ትሰለፋለች፤ ጓደኛ ከችሎቱ በር ላይ አንገቱን አስግጎ፣ እጁን አውለብልቦ፣ በዓይን ብቻ «አለንላችሁ» ይላል። ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም ጠባ፣ ሌላ ክረምትም መጣ።

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሲገባ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ አበባ ሊመጡ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራቸው ዘላለም ክብረት፣ ማሕሌት ፋንታሁን፣ ኤዶም ካሳዬ፣ ተስፋለም ወልደየስና አስማማው ኃይለጊዮርጊስ ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ። ከዚያም ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ናትናኤል ፈለቀን፣ አጥናፍ ብርሃነን፣ አቤል ዋበላንና በሌለችበት የተከሰሰችውን ሶልያና ሽመልስን በነፃ አሰናበተ። በፍቃዱ ኃይሉ ከሽብሩ ክስ ነፃ ቢባልም በቀለለ ወንጀል ተከላከል ተብሎ በ20,000 ብር ዋስ ወጣ። ከተያዙ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ያን ዕድሜ የሚመልስላቸው ዳኛ የለም። የተከሰሱበት አዋጅም በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ።

እንግዲህ እናንተ ከዚህ እሳት ዳር የተቀመጣችሁ፣ ነገ ለገበያም ለሕክምናም ደባርቅ፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ የምትወርዱ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል። በተናገረው ወይም በጻፈው የተከሰሰ ሰው ቀጠሮ እንዳለው የሰማችሁ እንደሆነ፣ ብታውቁትም ባታውቁትም፣ ሐሳቡን ብትወዱትም ብትጠሉትም፣ ጭነታችሁን አራግፉና ገብታችሁ ስሙት።