የጠላቂ ስንቅ

ከመካነ ሰላም ተነስቶ በእግሩ ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው ስንቁን ሲሰፍር የሚያስበው ቁልቁለቱን አይደለም። ቁልቁለቱማ ራሱ ይገፋል፤ ስንቅ የሚጨርሰው የመልሱ ዳገት ነው። እኔም የቦረና ልጅ ስለሆንኩ ይሄን ሒሳብ ማንም ሳያስተምረኝ ነው ያወቅሁት። ስለ ባሕር ጠላቂዎች ማንበብ ስጀምር ያው ሒሳብ ጠበቀኝ፣ ግን አንድ ክፋት ተጨምሮበት፦ እነሱ ዘንድ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ስንቁ ቶሎ ያልቃል።

ነገሩ ወደ እኛ ሰፈር የደረሰው በምጽዋ በኩል ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ1941 ጣሊያን ምጽዋን ለእንግሊዝ ከመልቀቁ በፊት መርከቦቹንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛውን ወደቡ ላይ አሰጠመ። በ1942 ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን መጣና፣ ብዙዎች ተስፋ የቆረጡበትን ያን መጠገኛ የተጨመቀ አየር ነፍቶበት አነሳው። የዚያ ዘመን ጠላቂ ከባድ የብረት ቆብ አጥልቆ ይወርዳል፤ አየሩ ከላይ በቱቦ ይመጣለታል። ፓምፑ እስከሠራ ድረስ አየር አለ። ስለዚህ «ስንት ደቂቃ ይበቃኛል?» ብሎ የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ጥያቄው የተወለደው ቱቦው ሲቀር ነው። በ1943 ፈረንሳይ ውስጥ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን፣ ጠላቂው ሲስብ ብቻ፣ ያለበትን ጥልቀት በሚመጥን ግፊት አየር የሚሰጥ መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። በ1952 እና 53 የብሩኖ ቫይላቲ የጣሊያን ቡድን መተንፈሻውን ተሸክሞ ዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ጠለቀ፤ ፎልኮ ኩዊሊቺም ከዚያ ጉዞ «ስድስተኛው አህጉር» የተባለውን ፊልም ይዞ ወጣ። ጠላቂው ነጻ ወጣ፤ ነጻነቱ ግን በደቂቃ የሚቆጠር ሆነ።

እስቲ እንቁጠረው። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር አለው ማለት ነው። ከዚህ 50 ባሩ፣ ማለትም 600 ሊትሩ፣ አይነካም፤ የዳገቱ ስንቅ ነው። 1,800 ቀረ። የተረጋጋ ሰው በደቂቃ 20 ሊትር ተነፈሰ እንበል፤ ባሕር ወለል ላይ 90 ደቂቃ ይበቃዋል። 10 ሜትር ላይ ግን ግፊቱ እጥፍ ስለሆነ ያው አንድ ትንፋሽ እጥፍ አየር ይወስዳል፦ 45 ደቂቃ። 30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ፤ 22 ደቂቃ ተኩል። ይሄ ሮበርት ቦይል በ1662 ያሳተመው ሕግ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ምሥጢሩ ያለው 20 በምትለዋ ቁጥር ላይ ነው። የደነገጠ ወይም የበረደው ሰው ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ ያኔ ወረቀት ላይ የተጻፈው 45 ደቂቃ በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ነው ጠላቂ የራሱን ትንፋሽ ለክቶ ማወቅ ያለበት፤ የጓደኛው ቁጥር አይሠራለትም።

አሁን ሒሳቡን ወደ ወሎ እናምጣው። ከደሴ በስተሰሜን ያለው ሐይቅ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 78 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 10 ሜትር ጠልቆ የሚገጥመው ጠቅላላ ግፊት ከቀይ ባሕሩ ያንሳል፤ በዚያው ሲሊንደር፣ በዚያው የአተነፋፈስ ልክ 51 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ደጋው ስድስት ደቂቃ መረቀን ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ!

ምክንያቱም ሁለተኛ ሒሳብ አለ። ጆን ስኮት ሃልዴን በ1908 እንዳሳየው፣ ግፊት ውስጥ ሰውነት ናይትሮጅን ይጠጣል፤ ሰውየው ግፊቱ ወደሚያንስበት ቶሎ ከወጣ ያ ጋዝ ደሙ ውስጥ አረፋ ይሠራል። አደጋውን የሚወስነው በታችና በላይ ባለው ግፊት መካከል ያለው ንጽጽር ነው። ሐይቅ ላይ የላዩ ግፊት ራሱ ትንሽ ስለሆነ 10 ሜትሩ እንደ 13 ሜትር ይቆጠራል። ለባሕር የተሠራ ሰንጠረዥ ይዞ የወረደ ሰው ጌጁ አየር ገና አለ እያለው ሊጎዳ ይችላል።

በዚያው ቀን መኪና ይዞ ወደ መካነ ሰላም ለመሄድ ካሰበ ደግሞ ይባስ። የእኛ ከተማ 2,600 ሜትር ላይ ስለሆነች ግፊቷ 73 በመቶ ብቻ ነው። ሲሊንደሩ መኪናው ኋላ ባዶውን እየተንኳኳ፣ ሰውየው አሁንም ከጥልቀቱ እየወጣ ነው።