ድመትን በጆንያ ከትቶ መጣል፦ ታሪክ ምን ይነግረናል?



በከተሞቻችን ድመት ሲበዛ ብዙ ሰው የሚያውቀው መላ ሁለት ነው፦ መርዝ ማብላት ወይም በጆንያ ከትቶ ርቆ መጣል። ከእኛ በፊት የነበሩት ግን ሌላ መንገድ ያውቁ ነበር።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንዲት ድመት ምክንያት ስለተቀጣች ሴት ነግረውናል። ጥፋቷ ሁለት ነው፤ አስራ አላበላቻትም፣ ራሷ አድና እንድትበላም አልለቀቀቻትም። የግብፁ ሱልጣን ዛሂር በይበርስ (እ.ኤ.አ. በ1277 ያረፉት) ደግሞ ለካይሮ ድመቶች ቀለብ የሚሆን የአትክልት ቦታ ወቅፍ እንዳደረጉ ይነገራል።

ማብላት ብቻውን ግን ቁጥሩን ያበዛዋል። ስለዚህ ዑለሞች ስለ ማምከንም ተነጋግረዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ሥጋው የማይበላን እንስሳ ማኮላሸት ክልክል ነው። በሐነፊይ መዝሀብ ግን ጥቅም ካለው ወይም ጉዳት የሚከላከል ከሆነ ይፈቀዳል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድ ውስጥ የተዘጋጀው ፈታዋ ሂንዲያ ድመትን በስም ጠቅሶ ይህንኑ ይላል። ጥያቄው ዛሬ ከፈረንጅ የመጣ አይደለም ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። የመንዝ አባቶች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳን ሜዳ በቄሮ ሥርዓት ጠብቀዋል። ለዓመታት ይዘጉታል፣ በጋራ ወስነው ከፍተው ሣሩን ያጭዳሉ። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። በዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ አይጥ ነው። ከመሐል ሜዳ ወስደን የምንጥላት ድመት ያንኑ አይጥ ትሻማዋለች፤ የእብድ ውሻ በሽታም ልትወስድበት ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ከውሾች የተላለፈው ይህ በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል።

መግደልም አያዋጣም። ቆሻሻው ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ፣ በሞተችው ምትክ ሌላዋ ከጎረቤት ሰፈር ትመጣለች። ድመት የምታረግዘው ሁለት ወር ገደማ ብቻ ስለሆነ ክፍት ቦታው ቶሎ ይሞላል። የሚያዋጣው አብዛኞቹን በእንስሳት ሐኪም አምክኖና ከትቦ ወደነበሩበት መመለስ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ የምንችለውን እናድርግ። የዒድ እርድ ትርፍ ሜዳ ላይ አይጣል፣ ቆሻሻ ይከደን፣ የቤታችን ድመት ትከተብ። ማምከን ላይ የሻፊዒይ ተከታይ የሆነ መጀመሪያ ዓሊሙን ይጠይቅ። ጆንያውን ግን ሁላችንም እንተወው።

ወላሁ አዕለም።